ታሳቢ ውክልና፦ ያልመረጡት እንደራሴ

በ1765 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ ፓርላማ በሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ላይ የቴምብር ቀረጥ ጣለ። ጋዜጣው፣ የፍርድ ቤት ሰነዱ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የመጫወቻ ካርታው ሳይቀር ቀረጥ የተከፈለበት ማኅተም እንዲያርፍበት ታዘዘ። ሰፋሪዎቹ አንድም እንደራሴ ያልላኩበት ምክር ቤት በምን ሥልጣን ግብር እንደሚጥልባቸው ጠየቁ። ከለንደን የተሰጣቸው መልስ በእንግሊዝኛ «ቨርቹዋል ሪፕረዘንቴሽን» በሚባል ፅንሰ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። በአማርኛ «ታሳቢ ውክልና» ሊባል ይችላል።

ታሳቢ ውክልና ማለት፣ አንድ ሰው ድምፅ ባይሰጥም፣ በስሙ የሚናገር እንደራሴ ባይመርጥም፣ ምክር ቤቱ የአገሩን ሁሉ ጥቅም ስለሚያስጠብቅ እንደተወከለ ይቆጠራል ማለት ነው። «ቨርቹዋል» ዛሬ ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ «ምናባዊ» ተብሎ ይተረጎማል፤ እዚህ ግን አይሆንም። ሐሳቡን ያራመዱት ሰዎች ውክልናውን እውነተኛ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። አማርኛ ተናጋሪ «ውክልና» ሲል የሚያስበው ሰው ራሱ ቀርቦና ፈርሞ የሚሰጠውን፣ ሲፈልግም የሚሽረውን ሥልጣን ነው። ታሳቢ ውክልና ግን ማንም ሳይፈርምበት እንደተሰጠ የሚወሰድ ነው። ተቃራኒው፣ መራጩ በድምፁ የሚሰጠው፣ «ተጨባጭ ውክልና» ይባላል።

ብሪታንያ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችው የሰባት ዓመት ጦርነት በ1763 ሲያበቃ ከ120 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረባት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ግሬንቪል በአሜሪካ ለሚሰፍረው ጦር ወጪ ሰፋሪዎቹም እንዲያዋጡ ፈለገ። የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ቶማስ ዌይትሊ ደግሞ ቀረጡን በጽሑፍ ተሟገተለት። ከብሪታንያ ሕዝብ ከአሥሩ ዘጠኙ መምረጥ አይችልም፤ ግብር ግን ይከፍላል፤ የአሜሪካ ሰፋሪ ከእሱ በምን ይለያል? ሲል ነበር ክርክሩ።

ማስረጃ አላጣም። በፋብሪካ እያደጉ የነበሩት ማንቸስተርና በርሚንግሃም የራሳቸው እንደራሴ አልነበራቸውም። በአንጻሩ ነዋሪ አልባ ለመሆን የደረሰው ኦልድ ሳረም ሁለት እንደራሴዎች ይልክ ነበር።

ጠንካራውን መልስ የሰጠው የሜሪላንዱ ጠበቃ ዳንኤል ዱላኒ ነው። በእንግሊዝ የማይመርጠውና የሚመርጠው ሰው አንድ ገበያ፣ አንድ ሕግ፣ አንድ ግብር ይጋራሉ፤ ማንቸስተርን የሚጎዳ ግብር የመረጠውንም ሰው ኪስ ይነካል። አሜሪካን የሚያስጨንቅ ግብር ግን የእንግሊዙን መራጭ ሸክም ያቀልለታል። የሁለቱ ጥቅም በተጋጨበት ቦታ አንዱ ሌላውን ሊወክል አይችልም ሲል ደመደመ። ይህ ሰው በኋላ ነፃነትን ከደገፉት ወገን አልነበረም፤ ክርክሩ ግን ከእሱ አልፎ ሄደ።

በጥቅምት 1765 ከዘጠኝ ቅኝ ግዛቶች የመጡ መልእክተኞች ኒውዮርክ ላይ ተሰበሰቡ። የፓርላማ ወንበር ይሰጠን አላሉም። ከአትላንቲክ ማዶ ሆኖ በለንደን ምክር ቤት መወከል አይቻልም፤ ግብር ሊጥሉብን የሚችሉት የራሳችን ምክር ቤቶች ብቻ ናቸው አሉ። ግጭቱን ለመፍታት እጅግ አስቸጋሪ ያደረገው ይህ አቋም ነው። ጥቂት ወንበር በመስጠት የሚበርድ ቅሬታ አልነበረምና።

ፓርላማው በመጋቢት 1766 የቴምብር ቀረጡን ሰረዘ። በዚያው ቀን ግን ቅኝ ግዛቶቹን በማናቸውም ጉዳይ የማሰር ሥልጣን እንዳለው የሚያውጅ ሕግ አጸደቀ። በሚቀጥለው ዓመት በመስታወት፣ በወረቀት፣ በቀለምና በሻይ ላይ አዲስ ቀረጥ መጣ። ሰፋሪዎቹ የእንግሊዝን ዕቃ አንገዛም ሲሉ ከሻዩ በቀር አብዛኛው ቀረጥ በ1770 ተነሣ።

የሻዩ ታሪክ ጠቡ ስለ ገንዘብ መጠን እንዳልነበረ በግልጽ ያሳያል። በ1773 የወጣው የሻይ ሕግ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሻዩን በቀጥታ እንዲሸጥ ፈቅዶ ዋጋውን ዝቅ አደረገው፤ በፓውንድ ክብደት የሦስት ፔንስ ቀረጡ ግን ቀረ። ርካሹን ሻይ መግዛት ፓርላማው ግብር የመጣል መብት አለው ብሎ መቀበል ሆነ። ታኅሣሥ 16 ቀን የቦስተን ሰዎች 342 ሣጥን ሻይ ወደብ ውስጥ ደፉ። ፓርላማው ወደቡን ዘጋ፤ የማሳቹሴትስን አስተዳደርም ለወጠ። በሚያዝያ 1775 ተኩስ ተከፈተ፤ በ1776 የነፃነት አዋጁ ያለፈቃድ ግብር መጣሉን ከክሶቹ አንዱ አድርጎ መዘገበው።

ማንቸስተርና በርሚንግሃም የራሳቸውን እንደራሴ ያገኙት በ1832 ነው። ጥያቄው በአሜሪካም አላበቃም። ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎቿ የፌዴራል ግብር ይከፍላሉ፤ በኮንግረስ ግን በምልዓተ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጥ እንደራሴም ሆነ ሴናተር የላቸውም። ከ2000 ጀምሮ ከተማዋ በምትሰጠው የመኪና ሰሌዳ ላይ ግብር ያለ ውክልና መጣሉን የሚቃወመው የሰፋሪዎቹ ዘመን መፈክር ታትሟል።