ያልታመመው ጎረቤት፤ የሥጋ ደዌና የቲ ሕዋሳት ጥናት ታሪክ በኢትዮጵያ

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ አገሮች የሥጋ ደዌ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ በሽታ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከሰው ደጅ ቆመው እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበሎች ይህን ልማድ የማይተዉት፣ ዜማውን ያቋረጠ በደዌው ይመታል የሚል እምነት ስላለ መሆኑን ብዙ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ደዌው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል የሚለው አስተሳሰብም ከዚሁ ጋር አብሮ የኖረ ነው። በሰቆጣም ሆነ በአምደወርቅ፣ በጎጃምም ሆነ በጎንደር፣ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ዘር ይቆጥራል። ከሚቆጠሩት ነውሮች አንዱ ይኸው ደዌ ስለ ነበረ፣ አንድ አያት የታመመበት ቤት ጤነኛ ልጆቹን ለመዳር ይቸገር ነበር።

ይህ እምነት ያለ ምክንያት አልተነሣም። በደጋው አገር ቤተሰቡ በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ አብሮ ይኖራል፤ በሽታውም በአንድ ቤት ውስጥ ተደጋግሞ ይታያል። ነገር ግን ይኸው ዓይን ሌላም ነገር ያይ ነበር። ከታመመ ባሏ ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረች ሚስት ምንም ሳትሆን ትቀራለች፤ ከወንድማማቾች አንዱ ጣቶቹን ሲያጣ ሌላው ደህና ሆኖ ያርሳል። ደዌው የሚተላለፍ ከሆነ ሚስቲቱ ለምን ዳነች? በዘር የሚወርድ ከሆነስ ወንድሙ ለምን ተረፈ? ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ከሰጡት ጥናቶች ዋነኛው የተካሄደው በሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዘር ይወርዳል የሚለው ሐሳብ የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት በኖርዌይ የታወቀው ሐኪም ዳኒየልሰን የሥጋ ደዌ የውርስ በሽታ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ከሕሙማን የተወሰደውን ነገር ወደ ራሱ ሰውነት አስገብቶ ሳይታመም መቅረቱ እምነቱን አጠናከረለት። አማቹ ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን ግን በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ አይቶ የዘር ንድፈ ሐሳቡን አፈረሰ። ይሁን እንጂ ባክቴሪያው መገኘቱ ሌላውን ጥያቄ አልፈታም። ዳኒየልሰን በሽታውን በገዛ እጁ ወደ ሰውነቱ አስገብቶ ያልታመመበት ምክንያት እንደ ተሰወረ ቀረ።

በአዲስ አበባ በ1930ዎቹ ዓመታት የተቋቋመው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ከየአውራጃው ለሚመጡ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ ቆየ። በ1965 በዚሁ ሥፍራ አለርት የተባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማቋቋሚያ ማዕከል ተመሠረተ። በ1970 ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር በመተባበር፣ በሃንሰን ስም የተሰየመውን የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በአለርት አጠገብ አቆሙ።

ጊዜው የተመቸ ነበር። በ1961 ዣክ ሚለር፣ ከደረት አጥንት በስተኋላ ያለው ታይመስ የተባለው ዕጢ ጥቅም የሌለው ትርፍ አካል ሳይሆን የሰውነት መከላከያ ማሠልጠኛ መሆኑን በአይጦች ላይ አሳይቶ ነበር። በዚያ ዕጢ የሚበስሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በዕጢው ስም መነሻ ፊደል «ቲ ሕዋሳት» መባል የጀመሩት በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባው ተቋም በሩን ሲከፍት፣ የሰውነት መከላከያ ሁለት ክንፍ እንዳለው ገና መታወቁ ነበር። አንዱ ክንፍ በደም ውስጥ የሚንሳፈፉት ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። ሁለተኛው ሕዋሳት ራሳቸው ቀርበው የሚዋጉበት ሕዋሳዊ መከላከል ነው።

የሥጋ ደዌ ይህን ልዩነት ለማጥናት እንደ ተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ሆነ። ሪድሊና ጆፕሊንግ በ1966 ባወጡት አመዳደብ መሠረት በሽታው በሁለት ጫፎች መካከል ይዘረጋል። በአንደኛው ጫፍ ባለው ሕመምተኛ ቆዳ ላይ የደነዘዙ ጥቂት ምልክቶች ይታያሉ፤ ባክቴሪያ ግን ለማግኘት ያስቸግራል። በሌላኛው ጫፍ ባለው ዘንድ ቆዳው ያብጣል፤ ባክቴሪያውም በብዙ ሚሊዮን ይቆጠራል። የሚያስገርመው ፀረ እንግዳ አካል በብዛት የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው፣ በተሸነፈው ሰው ደም ውስጥ ነው።

ምክንያቱ የጠላቱ መሸሸጊያ ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚኖረው በሕዋሳት ውስጥ፣ በተለይም ማክሮፋጅ በተባሉት በላተኛ ሕዋሳትና በነርቭ ልባስ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ፀረ እንግዳ አካል ከሕዋሱ ቅጥር ውጭ ይቀራል። ማክሮፋጅ ባክቴሪያውን ቢውጠውም በራሱ ኃይል ሊገድለው አይችልም፤ የዋጠውን ቁራሽ ግን በገጹ ላይ አውጥቶ ያሳያል። ይህን ቁራሽ ለይቶ የሚያውቅ ቲ ሕዋስ ሲደርስ ይባዛል፣ ጋማ ኢንተርፌሮንን የመሰሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችንም ይረጫል። መልእክቱ የደረሰው ማክሮፋጅ ይነቃና የዋጠውን ይገድላል። ሌሎች ቲ ሕዋሳት ደግሞ የተመረዘውን ሕዋስ ራሱን ያጠፋሉ። ቲ ሕዋስ ቁራሹን የሚያውቀው በራሱ አካል ሕዋስ ገጽ ላይ ተይዞ ሲቀርብለት ብቻ መሆኑን ዚንከርናግልና ዶኸርቲ በ1974 አሳይተው በ1996 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

በአርማወር ሃንሰን ተቋም የሠራው ኖርዌያዊው ቶሬ ጎዳልና ባልደረቦቹ የያዙት ዘዴ ቀላል አሳብ ያለው ነበር። ከሰው ደም ሊምፎሳይት የተባሉትን ነጭ ሕዋሳት ለይተው ከባክቴሪያው ጋር ለጥቂት ቀናት ያቆዩአቸዋል። ጠላቱን የሚያውቅ ሕዋስ ካለ ይባዛል፤ ካልተባዛ አያውቀውም ማለት ነው። በ1971 ባሳተሙት ጥናት፣ ባክቴሪያ የሞላበት ሕመምተኛ ሊምፎሳይቶች ለሌሎች ተሕዋስያን መልስ እየሰጡ ለሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ብቻ ዝም እንደሚሉ አሳዩ። ስለዚህ የዚህ ሰው መከላከያ በሙሉ አልደከመም፤ የጎደለው ይህን አንድ ጠላት የሚለየው ኃይል ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው እርምጃ ግን ከሁሉ የበለጠ ትርጉም ነበረው። ጎዳልና ነጋሲ ሕሙማኑን ትተው ፊታቸውን ወደ ጤነኞቹ፣ ይኸውም ወደ ሕሙማን ቤተሰቦችና በሥራቸው ምክንያት ከሕሙማን ጋር ወደሚውሉ ሰዎች መለሱ። በ1973 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ከሕሙማን ጋር ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ሊምፎሳይቶች መልስ እንዳልሰጡ፣ ከአንድ ዓመት በላይ በሥራ ከሕሙማን ጋር ከቆዩት መካከል ግን ግማሽ ያህሉ መልስ እንደ ሰጡ ገለጹ። እነዚህ ሰዎች ባክቴሪያው ገብቶባቸው ነበር፤ ቲ ሕዋሶቻቸው አውቀውት፣ ተዋግተውት፣ ባለቤቱ ሳያውቅ አሸንፈውታል።

በዚህም የዘመናቱ እንቆቅልሽ ተፈታ። በሽታው ከተገመተው በላይ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ሰውም ከተገመተው በላይ በቀላሉ ይከላከለዋል። ዛሬ ከመቶ ሰዎች 95 ያህሉ በተፈጥሮ እንደሚቋቋሙት በሰፊው የታወቀ ነው። ሠላሳ ዓመት ከባሏ ጋር የኖረችው ሚስት የዳነችው በሽታው ስላልነካት ሳይሆን ይሆናል፤ ነክቷት የሰውነቷ ሠራዊት መልሶት እንጂ። ሰውን ከመንደር ያስወጣው ፍርሃት እንግዲህ የጠላቱን ኃይል እንጂ የመከላከያውን ኃይል አልቆጠረም ነበር።

የዘር ጉዳይም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት። ቲ ሕዋሳት የባክቴሪያውን ቁራሽ እንዴት እንደሚያውቁ የሚወስኑ ባሕርያት በከፊል በውርስ እንደሚገኙ የኋላ ጥናቶች አረጋግጠዋል። በመሆኑም ዘር የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች ያዩት ነገር ፍጹም ባዶ አልነበረም። ነገር ግን የሚወረሰው የመከላከል አቅም ልዩነት እንጂ ደዌው አይደለም፤ ከታመመ አባት የተወለደ ልጅም ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል።

መከላከያው ዋጋ የማያስከፍል አለመሆኑም አይዘነጋም። ቲ ሕዋሳት በድንገት ሲነሣሡ በነርቭ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ሲያሳድዱ ነርቩን ራሱን ያቆስላሉ። በሕክምና ላይ ያለ ሕመምተኛ እጁ በጥቂት ቀናት ሲዝል ወይም ዓይኑ መከደን ሲያቅተው፣ መድኃኒቱ ጎዳኝ ብሎ ያቋርጣል። የሐኪሙ ተግባር ይህ የራሱ ሠራዊት ውጊያ መሆኑን አስረድቶ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ በፕሬድኒሶሎን ነርቩን ፈጥኖ ማዳን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1982 ዳፕሶን፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን በአንድነት እንዲሰጡ ካሳሰበ ወዲህ የሕሙማኑ ቁጥር እጅግ ቀንሷል። ሆኖም በ2010ዎቹ ዓመታት እንኳ በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ3,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይመዘገቡ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚደርሱት አንድ የጤና ባለሙያ ብቻውን ወደሚሠራበት የገጠር ጤና ተቋም ነው። በአምደወርቅ ገበያ ቀን አንድ ገበሬ የደነዘዘ ነጣ ያለ ምልክት ቆዳው ላይ ይዞ ሲመጣ፣ ባለሙያው መርፌና ጥጥ ይዞ ስሜቱን መፈተን፣ ነርቩን በጣቱ መዳሰስ ይጠበቅበታል። ከዚያም በላይ ከደጅ ቆማ ለምትጠብቀው ሚስቱ በአዲስ አበባ ከጤነኞች ደም የተነበበውን እውነት ሊነግራት ይገባል፤ ባሏ እንደሚድን፣ እርስዋም ብትመረመር መልካም እንደ ሆነ፣ ቤቷን ግን የምትለቅበት ምክንያት እንደሌለ።