የሦስት ማዕዘን ሕግና የመሬት ልክ በጐጃም

ሦስት የጐን ልኮች በቍጥር ሲሰጡ ሁልጊዜ ሦስት ማዕዘን ይወጣቸዋልን? ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በጻፈው መጽሐፍ፣ በአንደኛው ክፍል 20ኛ አንቀጽ፣ ማናቸውም ሁለት ጐኖች ተደምረው ከሦስተኛው እንደሚበልጡ አስረድቷል። በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፕሮክሎስ እንደሚነግረን፣ የኤፒቆሮስ ተከታዮች ይህን አህያም ያውቀዋል፣ ወደ ገለባው በቀጥታ ይሄዳል እንጂ አይዞርም እያሉ ይሣለቁበት ነበር።

ነገር ግን አህያ የሚያውቀው ነገር በወረቀት ላይ ሲሰፍር ሊሳት ይችላል። በሸዋና በደቡብ መሬት በቃላድ እየተለካ በጋሻ ሲመደብ፣ የጐጃም ርስት አልተለካም ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅም የተለካውን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ ሲያስገብር፣ ጐጃምን፣ ቤጌምድርንና ትግራይን በቀድሞው ግብራቸው ተዋቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በዳሞት፣ በሞጣና በብቸና ገበሬው ተነሣ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ መሬቱ ተለክቶ ርስታችን ይነጠቃል የሚል ሥጋት ነበር። ሥጋቱ ስለ ርስት እንጂ ስለ ጂኦሜትሪ አልነበረም። ሆኖም ባለመሬቱ ራሱ ሊመረምረው የሚችለው ልክ ምን ዓይነት ነው ብለን እንድንጠይቅ ያደርገናል።

ለምሳሌ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በደብረ ኤልያስ ሦስት ማዕዘን የሆነ የጤፍ ማሳ አለ እንበል። ለኪው 40፣ 50 እና 100 ሜትር ብሎ ቢጽፍ፣ ከረጅሙ ጐን ጫፍና ጫፍ የተሳቡት ሁለት ገመዶች ለመገናኘት 10 ሜትር ይጐድላቸዋል። 40፣ 60 እና 100 ቢል ገመዶቹ በረጅሙ ጐን ላይ ይተኛሉ፤ የሚታረስ ስፋት የለም። 60፣ 80 እና 100 ቢል ግን ማሳ ይሆናል፤ በእስክንድርያው ሄሮን ስሌት ስፋቱ 2,400 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ ሁለቱን አጫጭር ጐኖች ደምሮ ከረጅሙ ጋር ማስተያየት ይበቃል።

አራት ጐን ያለው ማሳ ግን በጐኖቹ ብቻ አይታወቅም። እያንዳንዱ ጐኑ 100 ሜትር ሆኖ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ እንደ ሆነ 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ሲንጋደድ ጐኖቹ ሳያጥሩ ስፋቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ገመድ ተስቦ ለሁለት ሦስት ማዕዘን ይከፈላል፤ ሁለቱም በዚያው ሕግ ይመረመራሉ።

ሕጉ ስሕተትን ሁሉ አያጋልጥም፤ በ80 ፈንታ 70 ቢጻፍ ፈተናውን ያልፋል። ርስት በ1967ቱ ዐዋጅ ቀርቷል፤ ዛሬ በአማራ ክልል ያለ ገበሬ የይዞታ ደብተር አለው። ሊሆን የማይችለውን ልክ ከሚሆነው ለመለየት ግን፣ ለእርሱም ለለኪውም፣ ከመደመር ሌላ ትምህርት አያሻም።