ቀይ ዓይንን የሚያነጣው ጠብታ፦ ከየት መጣ? ምንስ ያደርጋል?

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1962 ነው፤ ቦታው ጀርመን አገር፣ ቦሪንገር ኢንገልሃይም የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ። የኩባንያው ኬሚስቶች የታፈነ አፍንጫን ይከፍታል ብለው ያሰቡትን አዲስ ንጥረ ነገር ሠርተዋል። እዚያው የሚሠራ አንድ ሐኪም ጸሐፊውን ጉንፋን ይዟት ሲያይ፣ ከአዲሱ ጠብታ ጥቂት አፍንጫዋ ውስጥ አደረገላት። ምን ሆነች መሰላችሁ? እንቅልፍ ወሰዳት። አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት አይደለም፣ ለ24 ሰዓት ያህል ተኛች! የደም ግፊቷ ወርዶ፣ የልብ ምቷም ቀንሶ ነበር። ደግነቱ በሰላም ነቃች።

ይህ የአፍንጫ ታሪክ ነው፤ እኛ ግን ልናወራ የመጣነው ስለ ዓይን ነው። ታዲያ ለምን ከዚህ ጀመርን? ያ ንጥረ ነገር በየፋርማሲው ከሚሸጡትና የቀላ ዓይንን በደቂቃዎች ውስጥ ከሚያነጡት ጠብታዎች ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ ነው። ኬሚስቶች ቤተሰቡን ኢሚዳዞሊን ይሉታል። የዚህን ቤተሰብ ታሪክ ያወቀ ሰው፣ ጠብታውን መቼ መጠቀም መቼ መተው እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓይን ለምን ይቀላል?

የዓይናችን ነጩ ክፍል ላይ ኮንጃንክቲቫ የሚባል ስስና ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አለ። በዚህ ሽፋን ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ ብዙ የደም ሥሮች ያልፋሉ። ደህና በሆንበት ቀን ጠባብ ስለሆኑ ብዙም አይታዩም። ጭስ ወይም አቧራ ሲገባ፣ እንቅልፍ ሲጎድለን፣ ወይም ስልክ ላይ አፍጥጠን ዓይናችንን ማርገብገብ ስንረሳ ግን እነዚህ የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ሲሰፉ ተጨማሪ ደም ይመጣል፤ ደሙም የሰውነታችንን ተከላካይ ሴሎች ይዞ ይመጣል። እኛ በመስታወት የምናየው ይህንን ነው፦ ቀይ ዓይን።

እንግዲህ መቅላት ራሱ በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው። ሌሊት ውሻ ሲጮኽ አፉን ብንይዘው ጩኸቱ ይቆማል፤ ሌባ መጥቶ ከሆነ ግን ሌባው አልሄደም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ደጋግመን እንመለስባታለን።

ለውበት ሲባል

ዓይንን ለማሳመር ጠብታ ማድረግ የትናንት ነገር አይደለም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጣሊያን ውስጥ ሴቶች ከአንድ መርዛማ ተክል የተጨመቀ ፈሳሽ ዓይናቸው ውስጥ ያደርጉ እንደነበር ይነገራል። የተክሉ ስም ቤላዶና ነው፤ በጣሊያንኛ "ቆንጆ ሴት" ማለት ነው። ፈሳሹ የዓይንን ብሌን ያሰፋል፤ ሰፊ ብሌን ያኔ እንደ ውበት ይታይ ነበር። ግን ብሌን ሲሰፋ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዛል፣ ብርሃንም ያስቸግራል። አስቡት፦ ሌላው ሰው አድንቆ ያያታል፣ እሷ ግን በደንብ አታየውም!

በተክሉ ውስጥ ይህን የሚሠራው ዋነኛ ንጥረ ነገር አትሮፒን ይባላል። ዛሬም የዓይን ሐኪሞች ይጠቀሙበታል፤ ግን መጠኑን ለክተው፣ ለሕክምና ዓላማ ነው። ጠብታ ዓይንን ለተመልካች ሊያሳምር ይችላል፣ ያ ማለት ግን ዓይኑ ጤነኛ ሆነ ማለት አይደለም።

ከኩላሊት በላይ ካለች ዕጢ

አሁን ወደ ቅላቱ እንመለስ። በ1890ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ጆርጅ ኦሊቨርና ኤድዋርድ ሼፈር የተባሉ ሁለት ሰዎች ከኩላሊት በላይ የምትገኘውን ትንሽ ዕጢ ያጠኑ ነበር። አድሬናል የምትባለው ዕጢ ናት። ከእሷ የወጣው ጭማቂ ወደ እንስሳት ደም ሲገባ የደም ሥሮች ጥብቅ ብለው ይጠባሉ፣ የደም ግፊትም ሽቅብ ይወጣል።

ይህን ይዞ ወደ ዓይን የመጣው የኒው ዮርኩ የዓይን ሐኪም ዊሊያም ቤትስ ነው። በ1896 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዚህ ዕጢ ጭማቂ ዓይን ላይ ሲደረግ ቀዩ ኮንጃንክቲቫ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደሚነጣ ገለጸ። ለቀዶ ሕክምና ትልቅ ዜና ነበር፤ የደም ሥሩ ከጠበበ የሚደማው ደም ይቀንሳላ! ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1901፣ ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ ዋናውን ንጥረ ነገር ከጭማቂው አጥርቶ ማውጣቱን አስታወቀ። አድሬናሊን ተባለ።

አድሬናሊን ግን ችግር ነበረበት። ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ አየር ሲያገኘውም ይበላሻል፣ ቀለሙም ይለወጣል። ስለዚህ ኬሚስቶች እሱን የሚመስል፣ ግን የማይቸኩል ነገር መፈለግ ጀመሩ። በ1930ዎቹ ሲባ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ናፋዞሊንን ሠራ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ቴትራሃይድሮዞሊን መጣ። ቫይዚን የሚባለውን ጠብታ ታዋቂ ያደረገው ይህ ሁለተኛው ነው። ሁለቱም ከኢሚዳዞሊን ቤተሰብ ናቸው። አሠራራቸው ቀላል ነው፦ የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ተቀባይ እንደ ቁልፍ ያዞሩታል፣ የደም ሥሩ ይጠባል፣ ዓይኑ ይነጣል።

ጭሱ የት ሄደ? አቧራውስ? ጠብታው አልነካቸውም። ውሻው ብቻ ዝም አለ።

ጠብታው ሲያልቅስ?

በ1940ዎቹ ናፋዞሊንን ለታፈነ አፍንጫ የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ እንግዳ ነገር ገጠማቸው። መጀመሪያ አፍንጫቸው ይከፈታል፤ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ደግሞ ከበፊቱ ብሶ ይታፈናል። ያኔ ምን ያደርጋሉ? መልሰው ይጨምራሉ። እንደገና ይታፈናል። እንዲህ እያለ መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ሆነ።

ዓይንም ላይ ያው ነው። በ1997 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የዓይን ማንጫ ጠብታዎችን በመጠቀማቸው ዓይናቸው የተቆጣ 70 ሰዎችን ታሪክ ይዘረዝራል። መፍትሔው ጠብታውን ማቆም ነበር፤ ሆኖም ዓይናቸው ወደ ነበረበት እስኪመለስ ሳምንታት የፈጀባቸው አሉ። ስለዚህ ነው በብዙዎቹ ጠብታዎች ማሸጊያ ላይ፣ መቅላቱ ከ72 ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም ከባሰ ጠብታውን አቁማችሁ ሐኪም ጠይቁ የሚል ማሳሰቢያ የሚጻፈው። ዓይናችሁ ያለ ጠብታ ነጭ አልሆን ካለ፣ ጠብታ መጨመር ሳይሆን መተው ነው የሚያስፈልገው።

ጸሐፊዋ ለምን ተኛች?

አሁን የመጀመሪያውን እንቆቅልሽ እንፍታ። የጀርመኑ ንጥረ ነገር ክሎኒዲን ይባላል። እንደ ዘመዶቹ የደም ሥርን ማጥበብ ይችላል። ችግሩ አፍንጫ ውስጥ አልቀረም፤ ወደ ደም ገብቶ አንጎል ደረሰ። አንጎል ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ተቀባይ አለ፤ እሱ ሲነካ ለልብና ለደም ሥሮች የሚተላለፈው "በርቱ" የሚል መልእክት ይቀንሳል። ልብ ይዘገያል፣ ግፊት ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይመጣል። ኩባንያውም ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው፤ ክሎኒዲን በ1966 የደም ግፊት መድኃኒት ሆኖ ለገበያ ቀረበ።

የዓይን ጠብታዎቹም ሲዋጡ ይህንኑ ያደርጋሉ። ዓይን ላይ የሚያርፈው አንድ ጠብታ ትንሽ ስለሆነ ለአዋቂ ሰው ብዙ አያሳስብም። ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን አንስቶ ቢጠጣውስ? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ (ኤፍዲኤ) በ2012 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከ1985 እስከ 2012 ድረስ ከ1 ወር እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት እነዚህን የዓይንና የአፍንጫ ጠብታዎች በስህተት የጠጡባቸውን 96 አጋጣሚዎች ጠቅሷል። የሞተ አልነበረም፤ ሆስፒታል የገቡ ግን ብዙ ናቸው። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችልም አሳስቧል። አንድ የሻይ ማንኪያ እኮ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል!

በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ 0.08 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኢሚዳዞሊን የያዘ ዕቃ ሁሉ ሕፃን የማይከፍተው ክዳን እንዲኖረው ሕግ ወጣ። እስቲ እናስላው። 0.05 በመቶ ቴትራሃይድሮዞሊን ያለው ጠብታ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.5 ሚሊ ግራም አለው። ባለ 15 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ደግሞ 7.5 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ሕጉ ካስቀመጠው መጠን ከ90 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ጠርሙሱን ዛሬውኑ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ሕፃን ከጠጣ "ይተኛ፣ ይለቀዋል" ብሎ መጠበቅ የለም፤ እንቅልፉ ራሱ የአደጋው ምልክት ነው። ጠርሙሱን ይዞ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

አንድ ጠብታ ይበቃል

ዓይናችን ላይ በማንኛውም ሰዓት ያለው እንባ 7 ማይክሮ ሊትር ያህል ነው። ከጠርሙስ የሚወርድ አንድ ጠብታ ደግሞ ወደ 50 ማይክሮ ሊትር ይጠጋል። ዓይን ቢበዛ 30 ያህሉን ይይዛል፤ የቀረው ጉንጭ ላይ ይፈስሳል፣ ወይም በዓይን ጥግ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል። ጠብታ አድርጋችሁ ምሬቱ ጉሮሯችሁ ላይ ተሰምቷችሁ አያውቅም? ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁለትና ሦስት ጠብታ መደራረብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ወደ ደም የሚገባውንም መጨመር ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው፦ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ኮንታክት ሌንስ ካለ ማውጣት፤ ቀና ብሎ የታችኛውን ቆብ በቀስታ ወደ ታች መሳብ፤ አንድ ጠብታ ማድረግ። ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያህል ጫን አድርጎ መያዝ። ይህ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ በሩን ይዘጋል።

የጠርሙሱ ጫፍ ግን ምንም ነገር እንዳይነካ፣ ዓይንንም ሽፋሽፍትንም! በ2023 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ስሙ። ዓይንን የሚያረጥበው ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማለትም ከሁሉም ጠብታዎች የዋህ የሚባለው፣ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ተበክሎ ተገኘ። በ18 ግዛቶች 81 ሰዎች ታመሙ፤ 14ቱ ማየት ተሳናቸው፣ 4 ሰዎች ዓይናቸው ወጣ፣ 4 ሰዎች ሞቱ። እዚያ ላይ ጥፋቱ የታማሚዎቹ አልነበረም። ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው፦ ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት። ስለዚህ ጠብታን ከጓደኛ ጋር አለመጋራት፣ ቀኑ ያለፈበትን መጣል፣ ከተከፈተ በኋላ ስንት ቀን እንደሚያገለግል ማንበብ።

መቼ ነው ጠብታውን የምንተወው?

ጭስ ያቀላው ዓይን ከጭሱ ስንርቅ፣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ጨርቅ ስንይዘው፣ ጥሩ እንቅልፍ ስንተኛ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። የሚያነጣው ጠብታ ለአንድ ቀን ፎቶ ወይም ሠርግ ቢያስፈልግ ጤነኛ አዋቂን ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ለሕፃናት ግን ያለ ሐኪም አይሆንም፤ ግላኮማ ወይም የልብና የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰውም አስቀድሞ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠይቅ።

ዓይኑ የሚያም ከሆነ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ብርሃን ካስፈራው፣ ወፍራም አይናር ካለው፣ የተመታ ከሆነ ወይም ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይን ከሆነ፣ ጠብታ ፍለጋ ሳይሆን ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው። ኬሚካል ከገባበት ደግሞ መጀመሪያ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም።

ይህ ለእኛ አገር የበለጠ ይመለከተናል። ኢትዮጵያ በትራኮማ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ናት። ትራኮማን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ የሚታከመውም በአንቲባዮቲክ ነው። የደም ሥር የሚያጠብ ጠብታ ባክቴሪያውን አይነካውም። ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎችም እንዲሁ ቅላትን ቶሎ ያጠፋሉ፤ ነገር ግን ያለ ሐኪም ክትትል ሲዘወተሩ የዓይንን ግፊት ጨምረው ግላኮማ ሊያመጡ ይችላሉ። ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ደግሞ አይመለስም። "ለእኔ በጣም ሠርቶልኛል" ብሎ ጠብታውን የሚያውሳችሁ ጓደኛ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግን የእሱ ጠርሙስ ውስጥ ያለውና የእናንተ ዓይን የሚፈልገው አንድ ላይሆን ይችላል።

በሚቀጥለው ጊዜ መስታወት ፊት ቆማችሁ ቀይ ዓይን ስታዩ፣ ጠርሙሱን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ውሻው የሚጮኸው ለምንድን ነው?