የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በትብብር ትምህርት ተቀብሎ ስለማሠራትና ስለመቅጠር

የትብብር ትምህርት ተማሪው በክፍል ውስጥ የቀሰመውን ዕውቀት በእውነተኛ የሥራ ቦታ እንዲተገብር፣ በሥራ ቦታ ያገኘውንም ልምድ ይዞ ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። ይህ መረጃ የልምምድ ተማሪዎችን ለመቀበል ወይም ለመቅጠር ለሚፈልጉ አሠሪዎች እና የልምምድ ቦታ ለሚያፈላልጉ ተማሪዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ አንሥቶ እስከ ምስክር ወረቀት አሰጣጥ ድረስ ሊሟሉ የሚገባቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተል ያቀርባል።

የትብብር ትምህርት ምንነት

በኢትዮጵያ አሠራሩ እንደየትምህርት መስኩ ልዩ ልዩ መጠሪያ አለው። በምህንድስናና በቴክኖሎጂ ኢንተርንሺፕ፣ በሕግ ትምህርት ቤቶች ኤክስተርንሺፕ፣ በመምህራን ትምህርት የማስተማር ልምምድ፣ በጤና ሳይንስ ደግሞ ክሊኒካዊ ልምምድ ይባላል። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የትብብር ሥልጠና የሚለው ስያሜ የተለመደ ነው።

ስያሜው ቢለያይም የትብብር ትምህርትን ከጉብኝት ወይም ከዕረፍት ጊዜ ሥራ የሚለዩት ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ልምምዱ የሥርዓተ ትምህርቱ አካል ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪው ሁለት ኃላፊዎች አሉት፤ አንዱ ከዩኒቨርሲቲው የሚመደበው አማካሪ መምህር ሲሆን ሌላው በተቀባዩ ድርጅት የሚመደበው የቅርብ ተቆጣጣሪ ነው። ሦስተኛ፣ ተማሪው የሠራው ሥራ ተመዝኖ ውጤት ይሰጥበታል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ልምምዱ ስሙን ብቻ ይዞ ይቀራል።

አጭር ታሪካዊ ዳራ

የትብብር ትምህርት በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ኸርማን ሽናይደር የተባለ የምህንድስና መምህር ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በክፍልና በፋብሪካ መካከል እየተፈራረቁ እንዲማሩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ አሠራር የትምህርቱ መሠረት አድርጎ ጀምሯል።

በኢትዮጵያ ትምህርትን ከሥራ ጋር የማቀናጀት ልምድ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተለያየ የጤና ሙያ የሚማሩ ተማሪዎችን በቡድን አዋቅሮ በጤና ጣቢያዎች እያሠራ ያሠለጥን ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አማካይነት ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየሄዱ አገልግለዋል፤ አብዛኞቹ የተመደቡትም በመምህርነት ነው። ጅማ ደግሞ ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ የትምህርት ፍልስፍናው ይታወቃል።

ተማሪው ሠልጣኝ ነው ወይስ ሠራተኛ?

አሠሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው ይህንን ጥያቄ ነው። የክፍያ፣ የሥራ ሰዓት፣ የጉዳት ካሣና የሥራ ውጤት ባለቤትነት ጉዳዮች ሁሉ የሚመለሱት በዚህ መልስ ላይ ተመሥርተው ነው። ግንኙነቱ ከሦስቱ አንዱን መልክ ሊይዝ ይችላል።

*ሀ/ የትምህርት አካል የሆነ ልምምድ።* ተማሪው በዩኒቨርሲቲው ተልኮ ለመማር የሚመጣበት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመለማመድ ውል በስተቀር ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ተብሎ በሚደረግ ውል ላይ በተመሠረተ ግንኙነት ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። በመሆኑም የሁለቱን ወገኖች መብትና ግዴታ በዋናነት የሚወስነው በዩኒቨርሲቲው፣ በድርጅቱና በተማሪው መካከል የሚደረገው የጽሑፍ ስምምነት ነው።

*ለ/ የመለማመድ ውል።* አሠሪው ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ ሙያ የተሟላና ተከታታይነት ያለው ሥልጠና ለመስጠት፣ ተለማማጁም መመሪያ ተቀብሎ ሥልጠናውንና ተያያዥ ሥራዎችን ለማከናወን የሚስማሙበት ውል ነው። ውሉ የሥልጠናውን ዓይነትና የቆይታ ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውን ክፍያና የሥራውን ሁኔታ መያዝ አለበት። አሠሪው ተለማማጁን ከሥልጠናው ጋር ግንኙነት በሌለውና ለሥልጠናው በማይረዳ ሥራ ላይ ማሰማራት አይችልም። ይህን ውል ለመዋዋል የሚፈልግ ድርጅት ከመፈረሙ በፊት ስለ ፎርማሊቲው በአካባቢው የሚገኘውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሊጠይቅ ይገባል።

*ሐ/ የሥራ ውል።* ተማሪው በአሠሪው አመራር ሥር ሆኖ ደመወዝ እየተከፈለው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የሚሠራ ከሆነ ግንኙነቱ የሥራ ውል ነው። በወረቀት ላይ «ኢንተርን» ተብሎ መጻፉ ይህንን አይለውጥም። የሥራ ውል በመርሕ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ ሊደረግ የሚችለው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው፤ ለምሳሌ አንድን የተወሰነ ሥራ ለመጨረስ፣ በጊዜያዊነት የተለየን ሠራተኛ ለመተካት ወይም የሥራ ብዛት ሲያጋጥም። አሠሪው በዚህ መልክ ሲቀጥር ተማሪው የሠራተኛ መብቶች በሙሉ ይኖሩታል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተማሪዎችን ለልምምድ ሲቀበሉ ቅጥር ፈጸሙ ማለት አይደለም። በቋሚነት መቅጠር የሚፈልጉ ከሆነ የሲቪል ሰርቪስ ሕጉን የውድድር ሥርዓት መከተል ይኖርባቸዋል።

ተማሪ ለመቀበል የሚከናወኑ ተግባራት

1. ፍላጎትን መለየት። የሥራ ክፍሉ ተማሪው ምን እንደሚሠራ፣ ከየትኛው የትምህርት መስክ እንደሚፈለግና ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ በአንድ ገጽ ጽሑፍ ያዘጋጃል።

2. ጊዜን ማመቻቸት። በብዙ የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች ልምምዱ ሙሉ ሴሚስተር የሚወስድ ሲሆን፣ በሌሎች መስኮች በክረምት ወራት ይከናወናል። ወቅቱ ለሥራው የሚስማማ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ምክንያት የግንባታ ሳይት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ለሲቪል ምህንድስና ተማሪ የንድፍና የመጠን ስሌት ሥራ ማዘጋጀት ይሻላል። በአንጻሩ የበጀት ዓመታቸውን ሰኔ 30 ለሚዘጉ ድርጅቶች ሐምሌ የንብረት ቆጠራና የሒሳብ መዝጊያ ወቅት በመሆኑ ለሒሳብ አያያዝ ተማሪ ብዙ የሚማርበት ነው።

3. ለዩኒቨርሲቲው ማሳወቅ። ጥያቄው የዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ትስስርን ለሚከታተለው ክፍል ወይም በቀጥታ ለትምህርት ክፍሉ በደብዳቤ ይቀርባል። በየዓመቱ ተማሪ የሚቀበሉ ድርጅቶች የመግባቢያ ሰነድ መፈራረማቸው በየጊዜው ከሚደረግ የደብዳቤ ልውውጥ ያድናቸዋል።

4. መምረጥ። ድርጅቱ የተማሪዎችን ማመልከቻ ተመልክቶ አጭር ቃለ መጠይቅ ማድረግ ይችላል። የአካል ጉዳት ያለባቸው አመልካቾች እኩል ዕድል ሊያገኙ ይገባል፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አድልዎን ይከለክላል።

5. መቀበል። ተማሪው የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤና መታወቂያውን ይዞ ሲቀርብ ድርጅቱ የመቀበያ ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ ከቅርብ ተቆጣጣሪው ጋርም በዚያው ዕለት ያገናኘዋል።

በስምምነቱ ውስጥ ሊካተቱ የሚገባቸው ነጥቦች

ብዙ አለመግባባቶች የሚነሡት በክፋት ሳይሆን አስቀድሞ ባለመጻፉ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስምምነቱ ቢያንስ የሚከተሉትን መያዝ አለበት፦

• የሥራ ዝርዝርና የቆይታ ጊዜ። የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ቀን፣ ተማሪው የሚሠራባቸው ክፍሎችና የሚያቀርበው የመጨረሻ ሥራ።

• ክፍያ። ደመወዝ፣ የኪስ ገንዘብ ወይም የትራንስፖርትና የምግብ አበል መኖር አለመኖሩ፣ መጠኑና የሚከፈልበት ቀን። ድርጅቱ የማይከፍል ከሆነም ይኸው በግልጽ ይጻፍ፤ ከቤተሰቡ ርቆ የሚመደብ ተማሪ የቤት ኪራይና የጉዞ ወጪውን አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታልና።

• የሥራ ሰዓት። መደበኛ የሥራ ሰዓት በሕግ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ተማሪው ሠራተኛ ባይሆን እንኳ ይህ ጣሪያ እንደ መመዘኛ ሊወሰድ ይገባል። ተማሪው ከአማካሪ መምህሩ ጋር የሚገናኝበት ጊዜም ይመደብ።

• ደህንነትና ጉዳት። ተማሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስለ አደጋ መከላከል ገለጻ ይደረግለታል፤ እንደ ሥራው ጠባይ የራስ ቁር፣ ጓንት፣ የደህንነት ጫማና ሌሎች መከላከያዎች ይሰጡታል። ሠራተኛ ያልሆነ ሠልጣኝ ጉዳት ቢደርስበት የሕክምና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ የመድን ሽፋን መኖር አለመኖሩም በስምምነቱ ላይ በማያሻማ ቃል መስፈር አለበት። ይህ ነጥብ ካልተጻፈ ድርጅቱና ዩኒቨርሲቲው ኃላፊነቱን አንዱ ወደ ሌላው ሲገፉ ተጎጂው ተማሪ መካከል ላይ ይቀራል።

• ምስጢርና የግል መረጃ። ተማሪው የደንበኞችን ወይም የታካሚዎችን መረጃ የሚያይ ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታሳቢ መደረግ አለበት። በልምምድ ሪፖርቱ ውስጥ ምን ሊካተት እንደሚችልም አስቀድሞ ይወሰን።

• የሥራ ውጤት ባለቤትነት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሠራተኛ በሥራው አጋጣሚ ያፈለቀው ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። ተማሪው ግን ሠራተኛ ላይሆን ስለሚችል የሚጽፈው ሶፍትዌር፣ የሚሠራው ንድፍ ወይም የሚያዘጋጀው ጥናት የማን እንደሚሆን ተለይቶ መጻፍ ይኖርበታል።

• ክብርና ጥበቃ። ተማሪው ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ሌላ በደል ቢደርስበት ለማን እንደሚያመለክት፣ ከድርጅቱም ከዩኒቨርሲቲውም አንዳንድ ኃላፊ በስም ይገለጽ።

ሥራ ማዘጋጀትና ተቆጣጣሪ መመደብ

የልምምድ ዋጋ የሚለካው ተማሪው በቆየባቸው ወራት ቁጥር ሳይሆን በተሰጠው ሥራ ነው። የሚሠራው አጥቶ ወንበር ሲያሞቅ የሰነበተ ወይም ፎቶ ኮፒ በማንሣትና በመላላክ ጊዜውን የጨረሰ ተማሪ በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ ያ ሴሚስተር ግን ተመልሶ አይመጣም። ድርጅቱም ነገ ሊቀጥረው የሚችለውን ባለሙያ የመመዘን ዕድሉን ያጣል።

ለዚህም ተቆጣጣሪው በሙያው የበቃና ለተማሪው ጊዜ ያለው ሰው መሆን አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ድርጅቱን፣ የሥራ ደንቡንና የደህንነት ሥርዓቱን ያስተዋውቃል። ቀጥሎ ተማሪው ልምድ ካለው ሠራተኛ ጎን ሆኖ እንዲሠራ ያደርጋል። በመጨረሻም መጠኑ የተወሰነ፣ ቢሳሳት ሊታረም የሚችል፣ ነገር ግን ድርጅቱ በእርግጥ የሚፈልገውን ሥራ በራሱ ኃላፊነት እንዲፈጽም ይሰጠዋል። የማሽን የጥገና መዝገብ ማደራጀት፣ የመጋዘን ዕቃዎችን ከመዝገብ ጋር ማመሳከር ወይም የአንድን የምርት መስመር ብክነት መለካት ለዚህ ተስማሚ ናቸው።

ክትትልና ምዘና

ተማሪው የሚሠራውን በየዕለቱ በልምምድ መዝገብ ያሰፍራል፤ ተቆጣጣሪውም በየሳምንቱ ተመልክቶ ይፈርምበታል። የየሳምንቱን ፊርማ በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ መፈረም የምዘናውን ታማኝነት ያጠፋል። አማካሪ መምህሩ በአካል ወይም በስልክ ክትትል ያደርጋል፤ ችግር ሲያጋጥምም ድርጅቱ የልምምዱን ማብቂያ ሳይጠብቅ ለዩኒቨርሲቲው ያሳውቃል። በማጠቃለያው ድርጅቱ የምዘና ቅጹን ሞልቶ ይልካል፤ ለተማሪውም የሠለጠነበትን ሙያ፣ የቆየበትን ጊዜና ያከናወናቸውን ሥራዎች የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

*የልምምድ ተማሪ መቀበል በቋሚነት የመቅጠር ግዴታ ያስከትላል?* አያስከትልም። ድርጅቱ ተማሪውን ከተመረቀ በኋላ ሊቀጥረው ከፈለገ አዲስ የሥራ ውል ይዋዋላል። የሙከራ ጊዜ በአዋጁ መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ቀደም ሲል በሥራ ውል ተቀጥሮ የሠራ ሰው ለዚያው አሠሪ በዚያው የሥራ መደብ እንደገና ሲቀጠር ግን ለሙከራ አይቀጠርም።

*አነስተኛ ድርጅቶች ተማሪ መቀበል ይችላሉ?* ይችላሉ። መመዘኛው የሠራተኞች ብዛት ሳይሆን ለተማሪው የሚሰጥ ሥራና የሚከታተለው ባለሙያ መኖሩ ነው። በአነስተኛ ድርጅት ተማሪው ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የማየት ዕድሉ የሰፋ ነው።

*ተማሪው ከተስማማበት ውጭ ሥራ ቢሰጠው ምን ማድረግ አለበት?* በቅድሚያ ለቅርብ ተቆጣጣሪው፣ መፍትሔ ካላገኘ ለአማካሪ መምህሩ በጽሑፍ ያሳውቃል። የልምምድ ቦታ ለመቀየር የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው በመሆኑ ተማሪው ሳያሳውቅ ማቋረጥ የለበትም።

*የልምምድ ጊዜ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠራል?* የሚወሰነው በቀጣሪው ተቋም የቅጥር መመሪያ ነው። በማናቸውም ሁኔታ የተከናወነውን ሥራ በዝርዝር የሚገልጽ ምስክር ወረቀት «ልምምድ አድርጓል» ብቻ ከሚል ወረቀት የተሻለ ማስረጃ ስለሚሆን፣ ተማሪው ድርጅቱን ከመልቀቁ በፊት ጠይቆ ሊረከበው ይገባል።