የድንች ምችና ሦስቱ ጂኖች

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ፣ በጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ በሺምፐር አማካይነት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ1845 እስከ 1849፣ ቅጠል አጥቁሮ ሥሩን የሚያበሰብሰው የድንች ምች የአየርላንድን ማሳ አጥፍቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና በበሽታ አልቋል። ገበሬው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ድንች ብቻ ይተክል ስለነበር በሽታውን የሚያግደው አልተገኘም።

ምች ቅዝቃዜና እርጥበት ይስማማዋል፤ እንደ ቆሰበር ባለ ዝናባማ ደጋም ክረምቱ የሥጋት ወራት ነው።

አዳቃዮች ከሜክሲኮ የዱር ድንች ያገኙትን መከላከያ በተናጠል ቢያዳቅሉም፣ በሽታው ራሱን እየለወጠ አሸነፈው። በመሆኑም የዓለም አቀፉ የድንች ምርምር ማዕከል ከዱር ድንች የተገኙ ሦስት ጂኖችን በአንድነት ቪክቶሪያ በተባለው ዝርያ ውስጥ አስገብቶ በኡጋንዳ ሞከረ። ሦስቱን ባንድ ጊዜ ማሸነፍ ለበሽታው ይከብደዋል፤ ገበሬው የለመደው ዝርያም እንዳለ ይቆያል።

በኢትዮጵያም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሎ ለዚህ ዓይነቱ ምርምር መንገዱን አቅልሏል።

ይሁን እንጂ ጂኖቹ የሚከላከሉት ምችን ብቻ ነው፤ አጠውልግን አይገቱም። ድንች የሚተከለው ከራሱ ከድንቹ በመሆኑ፣ የታመመ ዘር በሽታውን ይዞ ይጓዛል። ስለዚህ ንጹሕ ዘር ማባዛት ከጂኑ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።