ኤችቲአር-ፒኤም
ኤችቲአር-ፒኤም በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ሺዳዎ የባሕር ወሽመጥ የሚገኝ የአዲስ ትውልድ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀምሮ በ2023 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ሁለት ሪአክተሮቹ በአንድ ተርባይን 210 ሜጋዋት ያመነጫሉ።

ነዳጁ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው የግራፋይት ኳሶች ውስጥ የተቀበሩ የዩራኒየም ቅንጣቶች ናቸው። ሙቀቱን የሚወስደው ውኃ ሳይሆን ሂሊየም ጋዝ ነው።

በተለመዱት ሪአክተሮች ማቀዝቀዣው ከቆመ፣ በ2011 በጃፓን ፉኩሺማ እንደታየው፣ ነዳጁ ሊቀልጥ ይችላል። በዚህ ማመንጫ ግን በ2023 ለሙከራ የማቀዝቀዣው ኃይል ሆን ተብሎ ሲቋረጥ፣ ሪአክተሮቹ ያለ ሰው እርዳታ በራሳቸው ቀዝቅዘዋል።

አሳቡ ቀድሞም ነበረ፤ ጀርመን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሞክራዋለች። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የራሷን ፕሮጀክት በገንዘብ እጥረት በ2010 አቋርጣለች። ስለዚህ የዚህ ቴክኖሎጂ የወደፊት ዕጣ በደኅንነቱ ብቻ ሳይሆን በዋጋውም ይወሰናል።