ወጀብን የመከታተል ዝንባሌና የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

ወጀብን መከታተል ማለት ነጎድጓድ፣ በረዶና አውሎ ነፋስ የሚያስከትሉ ደመናዎችን እየተከተሉ የመመልከትና የመመዝገብ ተግባር ነው። በተለይ በአሜሪካ በርካታ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚዘልቁበት የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ሲሆን፣ ዴቪድ ሆድሊ የተባሉት አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1956 በመጀመር የመስኩ ፈር ቀዳጅ ለመሆን በቅተዋል።

ዝንባሌው ከአደጋ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2013 በኦክላሆማ ግዛት በኤል ሬኖ አካባቢ የተነሳውና 4.2 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት የነበረው ቶርኔዶ፣ ተመራማሪውን ቲም ሳማራስን፣ ልጃቸውን ፖልንና ባልደረባቸውን ካርል ያንግን ለሕልፈት ዳርጓል።

በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ የተካተቱት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለተመልካች የተለየ አመቺነት አላቸው። በአካባቢው ወጀቡን ለማየት ረጅም ጉዞ አያስፈልግም። በክረምት ወራት እርጥበት የያዘው አየር የእንጦጦና የወጨጫ ተራሮችን ተከትሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ጠዋት ጠርቶ የዋለው ሰማይ ከሰዓት በኋላ በነጎድጓዳማ ደመና መሸፈኑ የተለመደ ነው።

ዝናቡ የሚወርድበት ሥፍራ የውኃውን አቅጣጫ ይወስናል። ከእንጦጦ በስተሰሜን በሱሉልታ የሚዘንበው በሙገር ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይሄዳል። ከተራራው በስተደቡብ የሚወርደው በአቃቂ ወንዞች አማካይነት አዲስ አበባን አቋርጦ፣ የሰበታውም በበኩሉ ወደ አዋሽ ይፈሳል። በመሆኑም በተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ጠብታ ባልወረደበት የታችኛው ሠፈር ወንዝ ሊያስሞላ ይችላል። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ፣ በላይኛው ተፋሰስ የጣለው ዝናብ ያስከተለው መሆኑ ይታወሳል።

የተመልካችን ዝንባሌ ለኅብረተሰቡ ጠቃሚ የሚያደርገው ምዝገባው ነው። በአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች በአራት ደረጃ የሚመደቡ ሲሆን፣ አራተኛው ደረጃ ዝናብን ብቻ የሚለካ ነው። መለኪያው በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይነበባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ለዓመታት ሳይቋረጥ የተያዘ መዝገብ ለድልድይ፣ ለቦይና ለመኖሪያ ሠፈር ዕቅድ መነሻ የሚሆን ሲሆን፣ አንድ ክረምት የጎደለው መዝገብ ግን ከባዱ ዝናብ የጣለበትን ዕለት ሳይዝ ሊቀር ይችላል።

ተመልካቹ ራሱንም መጠበቅ ይገባዋል። መብረቁ ከታየበት ቅጽበት ነጎድጓዱ እስከሚሰማ ያለው እያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ የአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያመለክታል። ጊዜው ከ30 ሰከንድ ካነሰ ከሜዳና ከዛፍ ሥር ርቆ ወደ ቤት መግባት፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል።